አጥቦ ያላጠበ የሚመስል ሳሙና

ማክሰኞ ጠዋት ታራ ስትደውል ማቪስ የሕፃን አልጋ እየገጣጠመች ነበር። ታራ ራሷ ያደገችበት አልጋ ነው፤ ሠላሳ ዓመት ምድር ቤት ተቀምጦ የጠፋው አንድ ብሎን ብቻ ነው። ማቪስ ስልኩን በጆሮዋና በትከሻዋ መሃል አጣብቃ፣ ምንጣፉ ላይ እየዳኸች ብሎኑን ስትፈልግ፣ “አቤት የኔ እናት፣ ተነሣችሁ እንዴ?” አለች።

“እማ፣ የምንመጣው እኮ ዓርብ ነው።”

“አውቃለሁ፤ ደስ ብሎኝ ነው።”

“አንድ ነገር ልጠይቅሽ፤ እንዳትቀየሚኝ። የአባዬ ማሊያ አሁንም ቤት ውስጥ ነው የተሰቀለው?”

ማቪስ መዳኽ አቆመች። መዋሸት ትችል ነበር፤ ግን ሽታው በስልኩ ሽቦ አልፎ የሚያጋልጣት መሰላት። “ነው” አለች።

“እንግዲያው እኛ ሞቴል ነው የምናርፈው።”

“ታራ!”

“እማ፣ ልጅቷ ሰባት ሳምንቷ ነው! ባለፈው ወር አባዬ ሊያያት ሲመጣ የሆነውን ረሳሽው? ማሊያውን እኮ አልለበሰም። ካፖርቱ ከማሊያው አጠገብ ተሰቅሎ ስለከረመ ብቻ ነው። ኮሊን አውጥቶ በረንዳ ላይ ቢያሳድረው፣ ጎረቤታችን የሞተ እንስሳ አለ ብሎ ማዘጋጃ ቤት ደወለ።”

አማቿ ኮሊን ካፖርቱን ይዞ ሲወጣ ታያትና ማቪስ ሳቋ መጣ፤ ዋጠችው። ታራ ቀጠለች። የልጅቷ ቆዳ በትንሽ ነገር ሽፍ ይላል፤ ነርሷ መዓዛ ያለው ሳሙና ጨርሶ አይነካት ብላለች፤ አንሶላውም ብርድ ልብሱም እንደዚያው። “ማሊያው ከወጣ እናንተ ጋ እናድራለን። ካልወጣ ሞቴል። በቃ እማ፣ ከኔ ጋር አትከራከሪ።”

ማቪስ ስልኩን ዘጋችና ምንጣፉ ላይ ተቀመጠች። የመጀመሪያ የልጅ ልጇ፣ ማቲልዳ፣ ካርሎው ድረስ መጥታ መንገድ ዳር ባለው ሞቴል፣ ከነዳጅ ጫኝ ሾፌሮች ጋር ልታድር ነው። ወሬው ደግሞ ሳይመሽ ከተማውን ያዳርሳል። ግን ወሬውን ተዉት። ማቪስ የፈለገችው ልጅቷ አንዲት ሌሊት እዚህ አልጋ ላይ እንድትተኛና፣ እሷ በጨርቅ ጫማ ገብታ ትንፋሿን እንድታዳምጥ ነው። ከዚህ ሌላ ምንም አልፈለገችም።

እዚህ ላይ ስለ ማሊያው መናገር ግድ ነው። ባሏ ላይል ናትዩክ ስልሳ አንድ ዓመቱ ነው። በብርዱ ወራት የማዘጋጃ ቤቱን የበረዶ መጥረጊያ መኪና ይነዳል፤ በሙቀቱ ወራት ብርዱ እስኪመለስ ይጠብቃል። ለካርሎው ሠላሳ አንድ ዓመት በበረዶ ሆኪ በረኛ ሆኖ ተሰልፏል፤ መጀመሪያ ከጎልማሶቹ ጋር፣ አሁን ደግሞ ከሃምሳ ዓመት በላይ በሆኑት፣ “አራሾቹ” በሚባሉት ቡድን ውስጥ። በሠላሳ አንድ ዓመት አንዲት ዋንጫ አልነካም። ዘንድሮ ግን አራሾቹ ከታኅሣሥ ጀምሮ ዘጠኝ ጨዋታ በተከታታይ አሸነፉ፤ ቅዳሜ ከሰዓት ፍጻሜው ነው።

ቡድን እያሸነፈ ደግሞ ማሊያ አይታጠብም። ይህ ሕግ የትም አልተጻፈም፤ ካርሎው ውስጥ ግን ከትራፊክ ሕግ ይልቅ እሱ ይከበራል። ዘጠኝ ጨዋታ ማለት የዘጠኝ ጨዋታ ላብ ነው፤ ያውም የበረኛ ላብ፣ ያውም የላይል። ጓንቱና የእግር መከላከያው ከጥር ጀምሮ ጋራዥ ተባረዋል። ማሊያው ግን ጓሮ በር መግቢያው ላይ፣ ልክ የማሞቂያው አየር ከሚወጣበት በላይ ተሰቅሎ ይደርቃል፤ ማሞቂያው በተነሣ ቁጥር ቤቱ በሙሉ ድርሻውን ያገኛል። ደስ የሚለው ውሻው ዱክ ብቻ ነው። አልጋውን ጥሎ ማሊያው ሥር ከተኛ ሁለት ወሩ።

ማታ እራት ላይ ማቪስ ነገሩን ለስለስ አድርጋ አመጣችው።

“ልጅህ ሞቴል ልታድር ነው፤ በማሊያህ ምክንያት።”

“ቁርስ በነፃ ይሰጣሉ” አለ ላይል፣ ድንቹን እየቆረሰ።

“ላይል፣ ላንተ ሰው አይደለሁም? ጋራዥ ስቀለው።”

“የዛሬ ሦስት ዓመት ጋራዥ ሰቅዬው በግማሽ ፍጻሜው ስድስት አገቡብኝ። ስድስት ማቪስ! አንዱ ከኋላዬ ነው የገባው።”

“እሱ ማሊያው ነው ጥፋቱ?”

“ታዲያ የማን ነው?”

ለዚህ መልስ ነበራት፤ ሆድ ይፍጀው ብላ ተወችው። ላይል ሹካውን አስቀመጠ። ክፉ ሰው አይደለም፤ ልጅቷን ሲያያት አልቅሷል፣ ካፖርቱ የተባረረ ቀን። “ስሚኝ” አላት፣ “እሑድ ጠዋት እኔው ራሴ አጥበዋለሁ። በራሴ እጅ።”

“እሑድ ይሄዳሉ እኮ!”

“እንግዲህ ጊዜው አልገጠመም። ብቻ ማሊያውን የነካ ሰው ዋንጫውን ከእጄ እንደነጠቀኝ ነው የምቆጥረው። ይኼን እወቂው።”

ማቪስ ሳህኖቹን አነሣች። ቧንቧውን ከፍታ ጀርባዋን እንደሰጠችው ወሰነች፤ ታጥበዋለች፣ እሱም አያውቅም።

ለዚህ ግን የራሷ ሳሙና አይሆንም። እሷ ከአማቷ የወረሰችው ሰማያዊ ፈሳሽ አለ፤ “የተራራ ጠዋት” የሚል የተጻፈበት፤ አንሶላ ታጥቦበት ሲሰጣ ሽታው የፖስታ ሳጥኑ ድረስ ይደርሳል። በእሱ ማጠብ ማሊያው ላይ ስሟን መፈረም ነው። ሰው ሁሉ ሳሙና የሚመርጠው ማጠቡ እንዲታወቅለት ነው፤ ንጣቱ እንዲያበራ፣ መዓዛው እንዲጣራ። ማቪስ የምትፈልገው አጥቦ ያላጠበ የሚመስል ሳሙና ነው። በዚያ ላይ ማሊያው እጅጌ ላይ በመጀመሪያው ድል ቀን የፈሰሰ የሰናፍጭ ምልክት አለ፤ ላይል ከእያንዳንዱ ጨዋታ በፊት በአውራ ጣቱ ይነካዋል። ያ ምልክት ከለቀቀ አለቀላት።

ረቡዕ ጠዋት የኅብረት ሱቁ እንደተከፈተ ገባች። የሳሙናው መደርደሪያ ከዳቦው ጫፍ እስከ ውሻ ምግቡ ይደርሳል። ሠላሳ ዓመት እጇን ዘርግታ ሰማያዊውን አንሥታ ስለምትሄድ ሌላውን አይታው አታውቅም ነበር። አሁን መነጽሯን አድርጋ ከዳር ጀመረች። ፈሳሽ፣ ዱቄት፣ ውሃ ውስጥ የሚሟሟ እንክብል፣ እንደ ወረቀት የተቀደደ። ለጥቁር ልብስ፣ ለነጭ፣ ለስፖርት፣ ለሕፃን። አንዱ አሥር እጥፍ ያጸዳል ይላል፤ ከምን አሥር እጥፍ እንደሆነ ግን አይናገርም። ማቪስ ግራና ቀኝ አየችና የአንዱን ክዳን ከፍታ አሸተተች። ሁለተኛውን ከፈተች። አምስተኛው ላይ ስትደርስ አፍንጫዋ ደነዘዘ።

“ጠርሙሱን ልትጠጪው ነው?” አለ ድምፅ ከኋላዋ።

ኖርማ ናት፤ የሱቁን መደርደሪያ የምትመራው፣ የአራሾቹ አምበል የግሌን ሚስት። ማቪስ ክዳኑን እየገጠመች ቀላች።

“ሳሙና ልቀይር ብዬ ነው።”

“ምን ዓይነት እድፍ ነው?”

“እድፍ እንኳ አይደለም። ሽታ ነው። የ... የውሻው ጨርቅ። ላብ ላብ አለ።”

“ውሻሽ ያልበዋል?”

“አርጅቷል እኮ” አለች ማቪስ።

ኖርማ እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ ከላይ እስከ ታች አየቻት። “ስንት ቁጥር ነው የሚለብሰው ውሻሽ?”

ማቪስ ጠርሙሱን መደርደሪያው ላይ መለሰችው። ከዚያ በጣም ቀስ ብላ፣ “አንድ” አለች።

ኖርማ ዳቦ የሚመርጡት ሽማግሌ እስኪያልፉ ጠበቀችና ክንዷን ይዛ ወደ በረኪናው ጥግ ወሰደቻት። “ማቪስ፣ እውነቱን ንገሪኝ። እስከ ዛሬ አላጠብሽውም?”

“እንዴት አጥበዋለሁ? እያሸነፉ እኮ ነው!”

“አንቺ ሴትዮ!” አለች ኖርማ፣ አፏን በእጇ ይዛ። “የግሌንን ከሦስተኛው ጨዋታ ጀምሮ አጥባለሁ። የሮጀርን ሚስቱ ታጥባለች። የሃሮልድን እህቱ። ከዚህ መደርደሪያ ላይ በዚህ ወር ለዘጠኝ ሴቶች ሸጫለሁ፤ ሁሉም ‘ለውሻ ነው’ ብለው ነው የገዙኝ። እኔ እኮ ላይል ሁልጊዜ ጥግ ላይ ብቻውን የሚቀመጠው በረኛ ስለሆነ ይመስለኝ ነበር።”

ማቪስ መሳቅም ማልቀስም አማራት። ሦስት ወር ሙሉ ያን አየር የተነፈሰችው ለቡድኑ ድል ብላ ነው። ካርሎው ውስጥ አንድ ያልታጠበ ማሊያ ብቻ ነበር፤ እሱም ከእሷ ቤት።

“አሁን ስሚኝ” አለች ኖርማ፣ እንደ ሐኪም እየተንጎራደደች። “መዓዛ ያለውን ሁሉ እርሺው። ‘ሽታ የለውም’ የሚለውም አያታልልሽ፤ አንዳንዱ ሌላውን ሽታ እንዲሸፍን ሽቶ ጣል ይደረግበታል። ‘ሽቶ አልተጨመረበትም’ የሚለውን ፈልጊ። የሚያነጣ ነገር ያለበትን አትንኪ፤ ላይል በየጨዋታው የሚነካውን ሰናፍጭ ይበላዋል። ሰናፍጭ ያለ ማንጫ አይለቅም፤ የባሌ ማሊያ ላይ የቡና አለበት፣ በስንት መከራ ነው ያቆየሁት። ማለስለሻ አይግባበት፤ ላቡን ልብሱ ላይ ይለጥፈዋል እንጂ አያወጣውም።”

“እንክብሉስ? ቀላል ይመስላል።”

“እንክብል ልኩ አንድ ነው፤ ለአንድ ማሊያ ይበዛል። እዚህ አገር ሰው ክዳኑን ሞልቶ እየገለበጠ፣ አረፋ ሲያይ ጸዳልኝ ይላል። ማሽንሽ ውሃ ቆጣቢ ነው፤ ያን ሁሉ አረፋ የሚያወጣበት ውሃ የለውም። አረፋው ላቡን ይዞ ተመልሶ ልብሱ ላይ ይተኛል። ሁለት የሾርባ ማንኪያ፣ በቃ። መጀመሪያ ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ዘፍዝፊው። ማድረቂያ ውስጥ አታስገቢው።”

ሁለት ቀሩ። አንዱ የላብና የምግብ ቅሪት የሚበላ ኢንዛይም ያለበት፣ ሽቶ ያልተጨመረበት ፈሳሽ፤ ሌላው ሕፃን የተሳለበት ለስላሳ ዱቄት። ኖርማ ፈሳሹን አለች። ማቪስ ልቧ ወደ ሕፃኑ ሄደ። ሁለቱንም ገዛች።

ከሰዓት በኋላ ሦስት ባልዲ ደርድራ ሦስት የላይል ካልሲ፣ በረዶ ሲጠርግ የዋለባቸውን፣ ዘፈዘፈች። አንዱን በራሷ ሰማያዊ፣ አንዱን በሕፃኑ ዱቄት፣ አንዱን በኢንዛይሙ። ሲደርቁ ወለሉ ላይ ዘርግታ ዱክን ጠራችው። የእሷ አፍንጫ ከሱቁ ጀምሮ አልተመለሰም፤ የላይልን ሽታ ደግሞ ከዱክ የተሻለ የሚያውቅ የለም። ዱክ ሰማያዊውን አሸተተና አስነጠሰ። ዱቄቱን አሸተተ፣ ጭራውን ቆላ፣ ካልሲውን በአፉ አንሥቶ ወደ አልጋው ይዞት ሄደ። ተመልሶ ሲመጣ ሦስተኛውን እንዳላየ ረግጦት አለፈ። ማቪስ ጎንበስ ብላ ካልሲውን አነሣች፤ ምርጫው ተጠናቋል። ዱቄቱም ግን አልባከነም፤ ላብ ላላረፈበት ለሕፃኗ አንሶላና ብርድ ልብስ ደህና ነው ብላ በእሱ አጠበቻቸው።

ሐሙስ ሌሊቱን በረዶ ወርዶ ስለነበር ላይል ጎህ ሳይቀድ ወጣ። ማቪስ የመኪናው ድምፅ እስኪርቅ ጠብቃ ማሊያውን በሁለት ጣቷ አወረደችው። በቦታው ከአምስት ዓመት በፊት የነበረውን ማሊያ ሰቀለች፤ ቁጥሩ ያው አንድ ነው፣ ቀለሙም ከሩቅ ያው ነው። ዘፈዘፈችው። ውሃው ምን እንደመሰለ እኔም አልናገርም። ሁለት የሾርባ ማንኪያ ሳሙና ለክታ፣ ሦስተኛ ለመጨመር ያሰበ እጇን በሌላው እጇ ይዛ፣ የማሽኑን በር ዘጋች።

ማሽኑ ኩሽናው ጎን ነው፤ ፊቱ መስታወት ነው። ገና አሥር ደቂቃ ሳይዞር የጓሮ በሩ ተከፈተ።

“የመኪናው ማሞቂያ ተበላሸ!” አለ ላይል፣ በረዶውን ከጫማው እያራገፈ። “ጣቶቼ አልቀዋል። ሾርባ አለ?”

ማቪስ ቆማ ደረቀች። ከመስታወቱ በስተጀርባ ቁጥር አንድ በእርጋታ ይዞራል፤ ወደ ላይ ወጣ፣ ወደ ታች ወረደ። በሩ ደግሞ አንዴ ከተቆለፈ አይከፈትም። ፎጣ አነሣችና የምታደርቀው አስመስላ መስታወቱ ላይ ጣል አደረገችው።

“ምን እያጠብሽ ነው?”

“የሕፃኗን ብርድ ልብስ።”

“ትናንት አላጠብሽውም?”

“ሁለት ጊዜ ይታጠባል አለች ነርሷ።”

ላይል ተቀመጠ። ሾርባውን አቀረበችለት። ከዚያ ነው ዱክ ከመግቢያው የመጣው። የአሮጌውን ማሊያ ሥር አሽትቶ ንቆት ነበር። ማሽኑ ፊት መጥቶ ተቀመጠ፤ ፎጣውን በጥርሱ ጎትቶ ጣለው፤ መስታወቱን እያየ ማላዘን ጀመረ። ሰው የሞተበት ነው የሚመስለው።

“ምን ሆኗል ይኼ?” አለ ላይል፣ ማንኪያው አየር ላይ እንዳለ።

ማቪስ ሮጣ ማሽኑ ላይ ተደገፈች፤ ቀሚሷ መስታወቱን ሸፈነው። ማሽኑ እየተንቀጠቀጠ ድምፅዋንም አብሮ አንቀጠቀጠው። “ቀ-ቀንቶ ነው። ሕፃን እንደሚመጣ ገብቶታል።”

“ውሻ ይኼን ያውቃል?”

“ስለ ውሻ ቴሌቪዥን ላይ ያሳዩትን አላየህም?”

ላይል ዱክን በሐዘኔታ አየው። “አይዞህ ወንድሜ” አለው፣ “እኔም ታራ ስትወለድ እንዲሁ ሆኜ ነበር።” ሾርባውን ጨርሶ፣ ጣቶቹን ማሞቂያው ላይ አሙቆ ሲወጣ፣ በመግቢያው በኩል ለተሰቀለው ማሊያ ቀና ብሎ ሳያየው እጁን አነሣለት። ማቪስ ማሽኑ ላይ እንደተደገፈች ሃያ ደቂቃ ቆየች።

ከማሽኑ ሲወጣ ማሊያው ምንም አይሸትም። ሳሙና አይሸትም፣ አበባ አይሸትም፣ ላይል አይሸትም። የሰናፍጩ ምልክት በቦታው አለ። ማታውን ደርቆ፣ ተጨማዶ፣ ልክ እንደ ድሮው ተሰቀለ። ማቪስ ዕድሜዋን ሙሉ ካጠበችው ልብስ በዚህ የኮራችበት የለም፤ ለማንም ልትናገረው አለመቻሏ ብቻ ቆጫት።

ዓርብ ከሰዓት ታራ ማቲልዳን ደረቷ ላይ አቅፋ ጓሮ በሩ ላይ ቆመች። ኮሊን ሻንጣዎቹን ከመኪና ሳያወርድ ከኋላዋ ይጠብቃል። አፍንጫዋን አነሣች። አንዴ ሳበች። ደግማ ሳበች። ዞር ብላ ለባሏ፣ “ሻንጣውን አምጣ” አለችው።

ማቪስ በደስታ ምድር ጠበባት። ላይል ግን ከእሷም ባሰ። “አላልኩም?” አለ፣ ደረቱን ነፍቶ። “አላልኩም? ቤቱ ይሸታል፣ ቤቱ ይሸታል! ይኸው ማሊያዬ፣ በቦታው ነው። የታጠበ ነገር የለም! ሰው አፍንጫው ሲቀብጥ እንጂ የወንድ ላብ ምን አለው?” ማሊያውን አወረደና ለኮሊን አፍንጫ አስጠጋለት። “አሽትት! አሽትት እንጂ!”

ኮሊን ዓይኑን ጨፍኖ አሸተተ፤ ዓይኑን ገለጠ። ማቪስን አያት። ማቪስ የጠረጴዛውን ልብስ ታስተካክላለች።

“ምንም አይልም” አለ ኮሊን።

“ምንም አይልም!” አለ ላይል፣ ለመላው ቤት።

ያን ሌሊት ማቲልዳ እናቷ ባደገችበት አልጋ ላይ ተኛች። ማቪስ ሦስት ጊዜ ገብታ ትንፋሿን አዳመጠች።

ቅዳሜ እኩለ ቀን ላይ ላይል ማሊያውን ለብሶ ሳሎን ወጣ። ሌላ ጊዜ ዱክ ጉልበቱ ሥር ተጠምጥሞ አላስኬድ ይለው ነበር፤ ዛሬ ግን ሶፋው ላይ ተጋድሞ አንድ ዓይኑን ገለጠና መልሶ ጨፈነው። ላይል ቆመ። “ዱክ፣ ና” አለ። ዱክ አልመጣም። ላይል እጅጌውን ቀስ ብሎ ወደ አፍንጫው ወሰደ፤ ብብቱን አሸተተ፤ አንገትጌውን ስቦ ጭንቅላቱን ወደ ውስጥ ከተተ። ሲወጣ ፊቱ ሌላ ነው።

“ማቪስ።”

ልጇን ስታጠባ የነበረችው ታራ ቀና አለች።

“አጥቤዋለሁ” አለች ማቪስ። ሁሉን ልትናገር ትችል ነበር፤ ኖርማን፣ ዘጠኙን ሴቶች፣ የእሱ ማሊያ ብቻውን ሳይታጠብ እንደቀረ። ግን የሌላ ሰው ሚስጥር ነው። “ሐሙስ ነው ያጠብኩት። አንተ ሾርባ ስትጠጣ እየታጠበ ነበር።”

“ሠላሳ አንድ ዓመት” አለ ላይል። አልጮኸም፤ ቢጮህ ይሻላት ነበር። “ሠላሳ አንድ ዓመት ጠብቄ፣ ሁለት ቀን ሲቀረው? ሁለት ቀን አንቺ?”

“ልጅቷ እቤታችን እንድታድር ፈለግኩ። ይኼው ነው። ዋንጫህን ልነጥቅህ አልፈለግኩም። እሷን ሞቴል ማየት ግን አልቻልኩም፤ አልቻልኩም ላይል።” ዓይኗ ሞላ። ተናዳ ነው እንጂ አፍራ አይደለም።

 ታራ ተነሣችና ልጅቷን የላይል እጅ ላይ አኖረችለት። “ያዛት” አለችው፣ “ፎጣ ላምጣ።” ፎጣ ፍለጋ አልነበረም፤ ካርሎው ያደገች ልጅ ናት፣ የወንድ ንዴት እንዴት እንደሚበርድ ታውቃለች። ማቲልዳ ትከሻው ላይ ተለጠፈች። ላይል ትልቅ እጁን ጀርባዋ ላይ አድርጎ፣ ሳያስበው መታ መታ ማድረግ ጀመረ።

“ይኼን ያህል ክፋት አለ እንዴ ሴትዮዬ?” አላት ለሕፃኗ። “አያትሽን ታያለሽ? ጉድ ሠራችኝ እኮ።”

ማቲልዳ አንድ ጊዜ አገሳች፤ ከዚያ የጠባችውን ሁሉ መለሰችው። ወተቱ ከትከሻው ተነሥቶ፣ በቁጥሩ ላይ አልፎ፣ እስከ ወገቡ ወረደ።

ማቪስ እርጥብ ጨርቅ ይዛ ደረሰች። ላይል ክንዱን ዘርግቶ አገዳት።

“እንዳትነኪው!”

“ላይል፣ ወተት እኮ ነው!”

“አንድም ሰው አይንካው አልኩ! ጨርቁን መልሺ!” ወደ ታች ማሊያውን አየው፤ ከዚያ ልጅቷን አያት፤ ፊቱ ላይ ቅድም የጠፋው ብርሃን ቀስ ብሎ ተመለሰ። “ይቺ ልጅ ታውቃለች” አለ። “አያቷ የወሰደችውን መልሳ ሰጠችኝ።”

ተሸነፉ። አራት ለሦስት፣ በጭማሪው ሰዓት፣ ከኋላው በገባች ኳስ። ላይል ከዚያ በፊት ሠላሳ ስምንት ኳስ አድኗል፤ በሠላሳ አንድ ዓመት እንዲህ ተጫውቶ አያውቅም። የመጨረሻው ፊሽካ ሲነፋ ከመቀመጫው ላይ አሥር ሴቶች በአንድነት ወደ ጫማቸው አቀረቀሩ፤ እያንዳንዳቸው በየልባቸው ጥፋቱ የኔ ነው እያሉ። ኖርማ ብቻ ወደ ማቪስ ጠጋ ብላ፣ “ለዘለዓለሙ ትንፍሽ እንዳትይ” አለቻት።

ላይል ግን ወደ ቤት ሲመለስ መኪናው ውስጥ ያፏጭ ነበር። ወተቱ ባይኖር ኖሮ አሥር ይገባብኝ ነበር አላት። ማታውን ልጅቷን አቅፎ እያንዳንዷን ኳስ በዝርዝር ተረከላት፤ አራተኛዋን ዘለላት።

እሑድ ቀትር ላይ ሄዱ። መኪናው ከመንገዱ እስኪጠፋ ሁለቱም በረንዳ ላይ ቆሙ፤ ብርዱ ሰው የሚያቆም አልነበረም። ከዚያ ቤቱ ዝም አለ። ማቪስ አልጋውን ነቅላ ምድር ቤት ልታስገባው አስባ ሳትነቅለው ቀረች።

ሰኞ ጠዋት ኩሽና ስትገባ ላይል ማሽኑ ፊት ተንበርክኳል። ማሊያውን ጭኑ ላይ አድርጎ፣ በአንድ እጁ የሾርባ ማንኪያ፣ በሌላው ያን ጠርሙስ ይዞ መመሪያውን ያነባል።

“ስንት ማንኪያ ነው?” አላት። “ቃሌን ልጠብቅ ብዬ ነው። በአንድ ቀን ዘገየሁ።”

ማቪስ አጠገቡ ቁጭ አለች። ማሊያውን ከጭኑ አነሣችው። ከባድ ነው፤ የአንድ ፍጻሜ ላብ ጠጥቷል። ቁጥሩ ላይ ወተቱ ደርቆ ነጭ ሆኗል። ልታይ ብላ ወደ ፊቷ አስጠጋችው፤ ከላቡ ሥር ኮምጠጥ ያለ፣ ሞቅ ያለ ሽታ አገኘች፤ ዓርብ ሌሊት ሦስት ጊዜ ገብታ ከማቲልዳ ያሸተተችውን።

ላይል የማሽኑን በር ከፍቶ ይጠብቃል። “አምጪው እንጂ።”

“አይታጠብም።”

“እንዴ! ጨዋታው አልቋል እኮ ማቪስ። ይሸታል!”

“ይሽተት” አለች። ተነሥታ ማሊያውን አቅፋ ወደ ሕፃኗ ክፍል ሄደች፤ በሩንም በእርጋታ ዘጋችው።